በሦስቱም ላይ ያልታየ መስመር

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ሥራህ ጥቂት ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ቴሌስኮፑ ያነሣቸውን የሚያማምሩ ፎቶግራፎች ይዤ መጥቼ ላሳያችሁ ነበር። በኋላ ግን ፎቶዎቹን ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋቸዋል ብዬ ተውኩት። ዛሬ የምነግራችሁ ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ በሥራዬ ላይ ስለ ሠራሁት አንድ ስህተት፣ ስህተቱንም ስላገኘችው የዚህ ግቢ ተማሪ ነው። መጨረሻ ላይም አንድ ልመና አለኝ። ልመናውን ከወዲሁ የነገርኳችሁ ኪሳችሁን እንድትይዙ አይደለም፤ ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የደራ ልጅ ነኝ፤ የአንበሳሜ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ጓያ ይዘራሉ። ባለፈው ዓመት ስልክ ስደውልላቸው እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ የምልህ፣ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ቸግሮኛል። የአንተ ሥራ ምንድን ነው?»

«ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን አበጥራለሁ፣ አባዬ።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል፣ «አለሁ» አሉኝ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ብርሃኑን ካገኘኸው ወደዚህም ላክልን፤ መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አሉ።

ሳቅን። እኔ ግን «አበጥራለሁ» ያልኩት ለቀልድ አልነበረም። እናቴ ጤፍ ስታበጥር አይታችኋል፤ የእናንተም እናቶች እንዲሁ ናቸው። ከአውድማ የመጣው እህል አፈርም፣ እብቅም፣ ጠጠርም፣ የሌላ ዘርም አለበት። ሰፌዱን ይዛ ታንቀሳቅሰዋለች፤ እብቁ ወደ አንድ ወገን፣ ጠጠሩ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ጤፉ ብቻ ይቀራል። የእኔም ሥራ ይኸው ነው። ከቴሌስኮፕ የሚመጣው መረጃ ውስጥ የኮከብና የጋላክሲ ብርሃን አለ፤ የመሣሪያው የራሱ ሙቀት አለ፤ የሰማዩ ጀርባ ብርሃን አለ፤ ድንገት ያለፈ የጠፈር ጨረር ያስቀረው ጠባሳም አለ። ይህን ሁሉ አበጥሬ የሚቀረውን አነባለሁ።

የምናነበው ስፔክትረም ይባላል። ለዚህ አዳራሽ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል፤ የማርያም መቀነት ነው። የደራን ምድር በደቡብ በኩል ዓባይ ያዋስነዋል። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ጢስ ዓባይ ወስዶኝ ፀሐይ ከጀርባችን ሆና በፏፏቴው ጭስ ላይ ያንን መቀነት አይቼ ቀለሞቹን ቆጥሬያለሁ። ውሃው የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ ለይቶ ዘረጋው ማለት ነው። ስፔክትሮግራፍ የምንለው መሣሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በጣም ዘርግቶ ማሳየቱ ነው። በደንብ ሲዘረጋ በቀለሞቹ መካከል ጥቁር ወይም ደማቅ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ሃይድሮጅን የራሱ መስመሮች አሉት፤ ኦክስጅንም የራሱ፤ ሶዲየምም የራሱ። የአንዱ መስመር ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ማንም ሄዶ ያልነካውን ኮከብ ከምን እንደተሠራ መናገር ይቻላል።

እዚህ ደብረ ታቦር ቆሜ አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1868 ታላቅ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። ፈረንሳዊው ፒየር ዣንሰንና ሌሎችም ሊቃውንት ሕንድ ሄደው ግርዶሹን በስፔክትሮስኮፕ ተመለከቱ። በፀሐይዋ ዳር ደማቅ መስመሮች ታዩ። ከእነሱ አንዱ ቢጫ መስመር የሶዲየም ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። በኋላ እንግሊዛዊው ኖርማን ሎክየር ያ መስመር በምድር ላይ የማይታወቅ ንጥረ ነገር ነው ብሎ ከረረ፤ በግሪክኛ ከፀሐይ ስም ተወስዶም ሂሊየም ተባለ። በምድር ላይ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነው። እንግዲህ አቆጣጠሩን ወደ እኛ ስትመልሱት፣ ያ የግርዶሽ ቀን ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ደብረ ታቦር፤ ቡሄ! በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነበር ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያለፉት። እዚህ አጠገባችን ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ ወደ መቅደላ በተጎተተበት ዘመን፣ ሌላው ዓለም የፀሐይን ብርሃን በመስመር ማንበብ ጀምሮ ነበር። ይህን ስለ ቁጭት አላነሣሁትም። በአንድ ቀጭን መስመር ቦታ ላይ መከራከር ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ እንድታዩልኝ ነው። ሎክየር «ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ ምን አለበት» ብሎ ቢተወው ኖሮ ሂሊየም በእሱ ዘመን ስም አያገኝም ነበር።

ወደ ዛሬው ልምጣ። እኔ የምሠራው በጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ መረጃ ላይ ነው። ይህ ቴሌስኮፕ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጊያና በኤሪያን 5 ሮኬት ተተኮሰ። ዋናው መስታወቱ 18 ቁራጮች ተገጣጥመው 6.5 ሜትር ስፋት ያለው ነው። ያለበት ቦታ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የሚያየው ለዓይናችን የማይታየውን፣ ከቀይ በታች ያለውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ከመሣሪያዎቹ መካከል የእኔ እንጀራ የተጋገረበት ኒርስፔክ የሚባለው ነው። በውስጡ ከ200 ሺህ በላይ ጥቃቅን መስኮቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ስፋቱ ከጥቂት የፀጉር ውፍረት አይበልጥም። የምንፈልገው ጋላክሲ ያለበትን መስኮት እንከፍታለን፤ የቀረውን እንዘጋለን። በዚህ ዓይነት በአንድ ጊዜ የብዙ ጋላክሲዎችን ስፔክትረም ማንሣት ይቻላል።

መረጃው በሬዲዮ ወደ ምድር ይወርድና አሜሪካ ባልቲሞር ባለው መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ከዚያ መዝገብ ቤት ብዙው መረጃ ለማንም ክፍት ነው። አንዳንዱ ወዲያው፣ ሌላው ደግሞ ያስነሡት ተመራማሪዎች ቢበዛ አንድ ዓመት ቅድሚያ ካገኙበት በኋላ ይለቀቃል። ገንዘብ አይከፈልበትም። መረጃውን የምናበጥርበት ፕሮግራምም በነፃ የሚገኝ ነው። አንበሳሜ ያለ ልጅና ባልቲሞር ያለ ፕሮፌሰር በሕግ ፊት እኩል ናቸው። በሕግ ፊት ነው ያልኩት፤ በኔትወርክ ፊት አላልኩም።

የማበጠሩ ሥራ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ፣ የብርሃን መቀበያው ሕዋስ አንዴ ብቻ አይነበብም፤ ሳይራገፍ ደጋግሞ ይነበባል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ ጠብታ ሥር ባልዲ አስቀምጡና በየደቂቃው ውሃው የት እንደደረሰ ምልክት አድርጉ። ጠብታው እኩል ከሆነ ምልክቶቹ እኩል እየራቁ ይወጣሉ። በመሃል አንድ ልጅ መጥቶ አንድ ኩባያ ውሃ ቢደፋበት፣ ምልክቱ ድንገት ይዘላል። የጠፈር ጨረር ሕዋሱን ሲመታ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ፕሮግራሙ ዝላዩን ይፈልግና ይቆርጠዋል። ትንንሽ ዝላይ ግን አንዳንዴ ያመልጠዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በሁለተኛው ደረጃ እያንዳንዱ ሕዋስ የየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሆነ ይለካል፤ የሰማዩ ጀርባ ብርሃንም ይቀነሳል። ለዚህ የምንጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ሦስት መስኮቶች በአንድ ዓምድ እንከፍታለን። ጋላክሲው በየተራ በእያንዳንዱ መስኮት እንዲገባ ቴሌስኮፑን በጥቂቱ እያንቀሳቀስን ሦስት ጊዜ እናነሣለን። ጋላክሲው የሌለባቸው መስኮቶች ባዶ ሰማይ ያሳያሉ፤ እሱን እንቀንሳለን። በሦስተኛው ደረጃ ሦስቱን አንድ ላይ እናጣምራለን። የእውነት መስመር ከሆነ መሃል ላይ ብሩህ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ጥቁር ጥላ ይዞ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፎቶው አይበቃም ወይ? አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሲወጡ፣ ሲርስ 93316 የሚል ቁጥር የተሰጠው አንድ ጋላክሲ ነበር። በቀለሙ ብቻ ሲገመት ከሁሉም የራቀ፣ ዓለም 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ በነበረች ጊዜ የነበረ መሰለ። ዓለም ጉድ አለ። በቀጣዩ ዓመት ግን በኒርስፔክ ስፔክትረሙ ተነሣ። መስመሮቹ ሲነበቡ ጋላክሲው ዓለም ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ከሆናት በኋላ የነበረ ሆኖ ተገኘ። ጠንካራ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን መስመሮች ከአቧራ ጋር ተደርበው ቀለሙን አስመስለውት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 ነሐሴ ላይ 700 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ በሚገኘው ዋስፕ 39ቢ በሚባል ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገኘ፤ ያንንም ያሳየው ስፔክትረም ነው። ፎቶ ይጠቁማል፤ ስፔክትረም ይመሰክራል።

ምስክር ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። አሁን ወደ እኔ ጉድ መጣን።

ለሁሉም ክፍት ከሆነው መረጃ ውስጥ አንዲት ደብዛዛ ጋላክሲ ነበረች። ስፔክትረሟን ሳየው፣ ወደ 5 ማይክሮ ሜትር ጠርዝ አንድ ግልጽ መስመር አለ። ኦክስጅን ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት አረንጓዴ መስመሮች አሉት፤ ትልቁ የትንሹን ሦስት እጥፍ ይደምቃል። ዓለም እየሰፋች ስትሄድ ብርሃኑም አብሮ ይለጠጣል፤ አረንጓዴው ኢንፍራሬድ ይሆናል። እኔ ያየሁት መስመር የኦክስጅኑ ትልቁ ከሆነ፣ ብርሃኑ አሥር እጥፍ ተለጥጧል፤ ጋላክሲዋም ዓለም 600 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላት የነበረች ናት ማለት ነው። ትንሹስ መስመር? ፈለግኩት። መኖር ባለበት ቦታ ላይ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ስለፈለግኩት ነው ያየሁት። ጥላዎቹንም አየሁ፤ ከላይም ከታችም አሉ። በቃ አልኩ። ለአንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አጭር ጽሑፍ ላክሁ፤ ተቀበሉኝ። ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ለአባቴም ነገርኳቸው። «ይህን ያህል ሩቅ ካየህ ከብቱን ከዚህ ሆነህ ልትጠብቅልኝ ትችላለህ» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ በዚህ ግቢ የሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ከሩቅ ሆኜ በረዳት አማካሪነት እከታተላታለሁ። የመመረቂያ ሥራዋ ያንኑ መረጃ ከጥሬው ጀምራ ራሷ ማበጠር ነበር። ወቅቱ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። መረጃውን ማውረድ አልቻለችም። አንድ ወዳጃችን አዲስ አበባ ላይ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጠልን፤ ዲስኩ በሻንጣ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ደረሰ፤ ከዚያ መንገዱ እስኪከፈት ተጠብቆ በሚኒባስ እዚህ መጣ። አስቡት፤ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በአምስት ሰከንድ የተጓዘ መረጃ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር ለመድረስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

እኔ የተጠቀምኩት መዝገብ ቤቱ በራሱ አበጥሮ ያስቀመጠውን፣ የተጣመረውን ውጤት ነው። ቸኩዬ ነበር። እሷ ግን ኔትወርክ ስለሌላት የተዘጋጀውን ማውረድ አትችልም፤ በእጇ ያለው ጥሬው ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ደረጃ በእጇ አለፈች። መብራት ሲመጣ ትሠራለች፤ ሲሄድ በወረቀት ታሰላለች። አንድ ማታ ደወለችልኝ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ምን ተገኘ?»

«ያ መስመር በሁለተኛው ምስል ላይ ብቻ ነው ያለው። በአንደኛውና በሦስተኛው ላይ የለም።»

እንዴት ያለ መልስ እንደሰጠኋት ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። «የምትጠቀሚበት ፕሮግራም የቆየ ስለሆነ ይሆናል፤ አዲሱን እትም ስታገኚ ድገሚው» አልኳት። አዲሱን እትም ማግኘት እንደማትችል እያወቅኩ ነው እንዲህ ያልኳት። እሷም «እሺ፣ ዶክተር» ብላ ስልኩን ዘጋች። አራት ቀን አለፈ። እኔ ፋይሉን ከፍቼ ማየት የሚፈጅብኝ ግማሽ ሰዓት ነበር፤ አልከፈትኩትም። ለምን? እንቅልፍ እየነሣኝ ስለነበረ ነው። ሰው እውነት መሆኑን የጠረጠረውን ነገር ነው የሚሸሸው።

በአምስተኛው ቀን መልእክት መጣ። ከባንክ ቤት ዋይፋይ አጠገብ ቆማ የላከችው ነው። ሦስት ትንንሽ ምስሎች ጎን ለጎን፤ ኔትወርኩ እንዲሸከማቸው አሳንሳቸዋለች። በአንደኛው ምንም የለም። በሁለተኛው ደማቅ ነጥብ። በሦስተኛው ምንም። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፦ «በሦስቱም ላይ መታየት ነበረበት።»

ያ ነጥብ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ትንሽ ዝላይ ነው። የጠፈር ጨረር ሕዋሱን በስሱ መትቶታል፤ ፕሮግራሙ ሳያየው አለፈ። ጥላዎቹስ? ጥላዎቹ እኮ የመቀነሱ ውጤት ናቸው። በአንዱ ምስል ላይ ያለን የውሸት ነጥብ ከሌሎቹ ስትቀንሱት፣ እሱም ከላይና ከታች ጥላ ሊያበጅ ይችላል። ልክ እንደ እውነተኛው። ለዚህ ነው የተጣመረውን ብቻ ያየ ሰው የሚታለለው። ሦስቱን ለየብቻ ያየ ግን አይታለልም። የአገራችን ሽማግሌ በአንድ ምስክር አይፈርድም፤ እኔ በአንድ ምስክር ፈርጄ፣ ያንን አንዱን ምስክር ሦስት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

ጉባኤው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ጽሑፌን እንዲሰርዙልኝ ጻፍኩ፤ ምክንያቱንም ሳልሸፋፍን ገለጽኩ። ያቺ ጋላክሲ አሁን በሠንጠረዣችን ውስጥ ርቀቷ በሚጻፍበት ቦታ ላይ «አልታወቀም» የሚል ቃል ይዛ ተቀምጣለች። ተማሪዋ ያንን የመመርመሪያ ዘዴ በመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ አንድ ምዕራፍ አደረገችው፤ እኛም አሁን እያንዳንዱን ጋላክሲ በእሷ መንገድ እንፈትሻለን። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናት። ስሜን አትጥራ ስላለችኝ አልጠራም። ግን በአራቱ ቀናት ስለተናገርኩትና ስላልተናገርኩት በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ይህን ለማለት ነው ከሁሉ በላይ የመጣሁት።

መምህራኖቼ፣ ከዚህ ምን እንማር?

የደቡብ ጎንደር ምድር የሊቃውንት ምድር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ፣ ሁለቱም በዚሁ በእኛ አገር ናቸው። «አስመሰከረ» የምንለው ቃል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እዚህ ሥራ ውስጥ ሆኜ ነው የገባኝ። ተማሪው ለዓመታት ያጠናውን በምስክር መምህሩ ፊት ፊደል በፊደል፣ ምልክት በምልክት ይታያል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አይደለም የሚፈተነው፤ የያዘው ነገር ልክ መሆኑ ነው። ሳይንስም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። ልዩነቱ፣ በሳይንስ መምህሩም በተማሪው ፊት ማስመስከር አለበት። እኛ ዘንድ የጎደለን ይህ ይመስለኛል። ተማሪዬ ስልክ ደውላ የመጀመሪያ ቃሏ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ነበር። ትክክል ሆና ለምን ይቅርታ ትጠይቃለች? እኛ ስላስተማርናት ነው። አክብሮታችን ይኑር፤ ጨዋነታችን ይኑር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ተማሪ «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ብሎ ያለ ፍርሃት የሚናገርባት አንዲት ሰዓት ትኑር።

አንዳንዶቻችሁ «ለመሆኑ ኮከብ ማንበብ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። አጎቴም ይህንኑ ጠይቆኛል። እኔ ጋላክሲ የማበጥርበት ሒሳብ፣ የሳተላይት ምስል ላይ የሰብልን ጤንነት ለማየት የሚያገለግለው ሒሳብ ዘመዱ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢትአርኤስኤስ-1 የተሠራችው መሬትን በተለያየ የብርሃን ሞገድ እንድታይ ነበር፤ የደረቀ ቅጠልና የለመለመ ቅጠል በስፔክትረም ይለያያሉና። ደመናን፣ ጥላንና የመሣሪያ ስህተትን አበጥሮ እውነተኛውን ማስቀረት የሚችል ልጅ፣ ነገ የጉናን ተዳፋትና የፎገራን ሩዝ ሊያነብ ይችላል። በአንዲት የውሸት ነጥብ ያልተታለለች ተማሪ፣ በሆስፒታልም፣ በባንክም፣ በምርጫ ቆጠራም የውሸት ቁጥር አያታልላትም።

ደግሞም ባዶ አይደለንም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው «ዳቦ ሳንጠግብ ኮከብ» ብሎ ስቆ ነበር። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ጋላክሲና ኮከብ እያጠኑ ዶክትሬት የያዙ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ሁሉ አንዳንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ እንዲሰይሙ ሲጋብዝ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ያ ፕላኔት እንዴት እንደተገኘ ታውቃላችሁ? ማንም ፎቶውን አላነሣውም። የኮከቡ የስፔክትረም መስመሮች በቀስታ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ታይተው ነው፤ የማይታየው ፕላኔት ኮከቡን እየጎተተ ስለነበር። አቦላችንን ያገኘነው በመስመር ንባብ ነው። ሁለተኛውና በረካው ገና ይቀራሉ።

እንግዲህ ልመናዬ። ትልቅ ቴሌስኮፕ አልለምንም። የምለምነው አንድ ክፍል ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ፣ ለሁሉም የተለቀቀውን የቴሌስኮፕና የሳተላይት መረጃ ቅጂ የሚይዝ አንድ ሰርቨር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ፣ አሥር ኮምፒውተር። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ተማሪው ገብቶ የሚሠራበት። ከውጭም ከአዲስ አበባም የምትመጡ የማኅበራችን አባላት፣ ለበዓል ስትመጡ ከስኳርና ከቡናው ጋር አንድ ሃርድ ዲስክ ያዙ። ምን ልሙላበት የምትሉ ካላችሁ ዝርዝሩን እኔ እሰጣችኋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዲስኮች ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል አስረክባለሁ። መምህራን ደግሞ ተማሪዎችን ከተበጠረው ሳይሆን ከጥሬው አስጀምሯቸው። አድካሚ ነው፤ ቀርፋፋ ነው። ግን ስህተቴን ያገኘችው ከጥሬው የጀመረችው ልጅ ናት።

በመጨረሻ ወደ አባቴ ልመለስ። ትናንት አንበሳሜ አድሬ ነው የመጣሁት። ማታ መብራት አልነበረም፤ ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። ሰማዩ እንደ ድሮው ነው፤ እኔ በምኖርበት ከተማ እንደዚህ ያለ ሰማይ አላይም። አባቴ «ያቺ ያልካት ሩቋ የት ናት?» አሉኝ። «ተሳስቼ ነበር አባዬ፤ አንዲት ተማሪ አረመችኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «አስተማሪ ነህ ማለት ነው እንግዲህ» አሉኝ።

ለሰው ሲጠይቃቸው የሚመልሱት አሁን አገኙ መሰለኝ።